ከደረጃው ሥር

ባሌ አርሚን የሠርግ ሱፉን ለብሶ የፊት በሩ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ አልነሳም ብሏል። ከሥሩ፣ በእንጨቱና በመሬቱ መካከል ባለው ክፍተት፣ ከባሕሩ ዳርቻ ወጥታ ጎጆ የሠራችው ፔንግዊን ሁለት ጫጩቶቿን በጉያዋ ይዛ ተኝታለች። ከተፈለፈሉ ሳምንት አልሞላቸውም።

«በዚህ ደረጃ ማንም አይወርድም፤ በጓሮ ውጡ» ይላል።

«በጓሮ?» እህቱ ጋዲጃ ከሳሎን ትጮኻለች። «ሙሽራ በጓሮ? ሰርቀን ነው እንዴ የምንድራት?»

እኔ የሙሽራዋ እናት በሁለቱ መካከል እመላለሳለሁ። አንዴ መስኮቱ ጋ፣ አንዴ ወጥ ቤት፣ አንዴ ልጄ ናዝሊ የምትለብስበት ክፍል። የሳምቡሳውን ትሪ ለምን እንዳነሳሁት ረስቼዋለሁ፤ ግን ይዤው እዞራለሁ። መቀመጥ አቅቶኛል።

ሌላ ቀን ቢሆን ወፏ ምንም አትልም። ለምዳናለች፤ ልብስ ሳሰጣ እግሬን ትነክሰኛለች እንጂ አትሸሽም። እኛም ሌሊቱን እንደ አህያ ስታናፋብን የምንተኛ ሰዎች ነን። ዛሬ ግን የሙሽራው ወገኖች ክላክሳቸውን እያስጮኹ ይመጣሉ፤ አንዴ ደንግጣ ከተነሳች ደግሞ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ጫጩት የሚነጥቀው የባሕር አሞራ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ አልተነቃነቀም። አምና አርሚን ከመስጊድ ሲመለስ ጎጆው ባዶ ሆኖ ነው የጠበቀው። ስንት ቀን አኮረፈ፤ ማንን እንዳኮረፈ እሱም አያውቀውም።

«ራሺዳ፣ አንቺ ንገሪው እንጂ» ትለኛለች ጋዲጃ።

«እኔ ስነግረው ሰምቶኝ ያውቃል?»

እውነቱን ለመናገር፣ ለወፏ ብቻ ብሎ አይመስለኝም። ይህ ሰው ልጁ እንዳትሄድበት በር ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። እኔም የምቀመጥበት በር ባገኝ እቀመጥ ነበር።

ጋዲጃ ሄዳ ከጀርባው ትቆማለች። ድምጿ ዝቅ ይላል።

«አርሚን፣ አንተ ያን ጊዜ የሚታዘል ልጅ ነበርክ፤ አታስታውስም። እኔ ግን አስታውሳለሁ። በአፓርታይድ ጊዜ ይህ ሰፈር የነጮች ነው ብለው ሲያስወጡን ዕቃችንን በጓሮ ነው ያስወጡት፣ መንገድ ላይ እንዳንታይ። እማማ የፊት በሩን ቁልፍ እስክትሞት ድረስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላው ነበር። መሬቱ ተመልሶልን ይህን ቤት ስትሠራ ምን አልኩህ? የኛ ሙሽራ በፊት በር፣ ሰው ሁሉ እያየ ትወጣለች አላልኩህም?»

«ብለሽኛል፣ እህቴ።»

«ታዲያ?»

አንገቱን ይደፋል። ግን አይነሳም። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ናዝሊ ነጭ በነጭ ሆና ከክፍሏ ብቅ ትላለች። «አባዬ አሁንም እዚያው ነው? እኔ በመስኮትም ቢሆን እወጣለሁ፤ ብቻ አትጣሉ።»

«ዝም በይ፤ ሙሽራ አትናገርም!» ትላታለች አክስቷ።

ይኸኔ ክላክሱ ከቁልቁለቱ ይሰማል። ሙሽራው ዝም በሉ ብሎ ለምኗቸው ነበር አሉ፤ ግን የሱን አጎቶች ማን ሊያስቆማቸው! መኪኖቹ ዳገቱን እየጮኹ ወጥተው አጥራችን ሥር ሲደርሱ ወፏ ከደረጃው ሥር ተፈናጥራ ትወጣለች። እየተንገዳገደች ሄዳ አጥሩ ጥግ ላይ ታናፋለች።

አሞራው ጣሪያውን ይለቃል።

አርሚን በሱፉ መሬት ላይ ይንበረከካል። ቀኝ እጁን እስከ ክንዱ ክፍተቱ ውስጥ ይከትና ጫጩቶቹን በመዳፉ ይሸፍናል። አሞራው ግን አይፈራም፤ አጠገቡ አርፎ ምንቃሩን ወደ ቀዳዳው ይሰነዝራል። እኔ እጮኻለሁ። ጋዲጃ ትሪውን ከእጄ ነጥቃ፣ ያን ደረጃ በአንድ ዝላይ አልፋ፣ በወርቅ ጥልፍ ልብሷ አሞራው ላይ ትወርድበታለች።

«ሂድ! ሂድ አንተ ሌባ!»

ሳምቡሳው ግቢውን ይሞላዋል። አሞራው አንዱን ለቅሞ ይበራል።

አጎቶቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ያያሉ፤ የሚስቅም አለ። ጋዲጃ እያለከለከች ጎንበስ ብላ ወደ ክፍተቱ ታያለች። እኔም አያለሁ። በአርሚን ጣቶች መካከል ግራጫ ላባ፣ ከላባው ውስጥ አንዲት አፍ። እየጮኸች ጣቱን ትለቅመዋለች።

ጋዲጃ ቀና ብላ ወደ ቤቱ ትጣራለች።

«ናዝሊ! በወጥ ቤቱ በር፣ በጓሮ ውጪ፣ ልጄ።»

ልጄ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ጎንበስ ብላ፣ ቤቱን ዞራ ትመጣለች። ሙሽራ ከመሄዷ በፊት የወላጆቿን እጅ ስማ ይቅርታ ትጠይቃለች። የኔን ትስማለች። «ይቅር በይኝ እማዬ» ስትለኝ ጭንቅላቷን ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ።

ወደ አባቷ ትዞራለች። እሱ ቀኝ እጁ ገና ጫጩቶቹ ላይ ነውና ሊነሳ አይችልም። ወፏ ደግሞ መመለስ ጀምራለች፣ አንድ እርምጃ እየሄደች፣ እየቆመች።

«ይቅር በለኝ፣ አባዬ።»

አርሚን ግራ እጁን ይዘረጋል።

በኛ ቤት ግራ እጅ ለሕፃን እንኳ አይሰጥም። ናዝሊ ልጅ ሳለች ዳቦ በግራዋ ስትቀበል ጋዲጃ ስንት ጊዜ እጇን መትታታለች።

ናዝሊ ተንበርክካ ግራ እጁን ትስማለች። ጋዲጃ ትሪውን መሬት ላይ ታስቀምጣለች። ጎንበስ ትልና፣ የወፏ ኩስ እንዳይነካው፣ የልጄን ቀሚስ ጫፍ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ትይዛለች።