ሁለተኛው ሲስተም

አለቃዬ አቶ ንጋቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቁን ወደ ኮምፒውተር ሊያስገባ ተነሳ። የዕቃ መዝገቡንም ደንበኞች በኢንተርኔት የሚያዙበትንም ገጽ ያለ ፕሮግራም አዋቂ የሚሠሩ ሁለት የኮምፒውተር ሲስተሞች ለምርጫ ቀረቡ። እኔ የመጋዘኑ ሰው ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስብሰባው ላይ የተገኘሁትም ወንበር ሳመጣ "እዚያው ቁም" ስለተባልኩ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ሰናይት ሁለተኛውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየችን። ሁሉም ወደደው። የሠራተኞቹን ስም እስከ አያት ስታስገባ ግን፣ የፈረንጅ ነገር ሆኖ፣ ሲስተሙ የአባትና የአያት ስማችን የገጠመውን እንደ ቤተሰብ ቧደነን።

"ጉድ ነው ጋሼ!" ብላ ሳቀች። "እርስዎንና የመጋዘኑን ሰውዬ ወንድማማች አደረጋችሁ እኮ!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ የአቶ ንጋቱን አፍ አፉን አየሁ። አንድ ቀን ሰው ፊት የሚላት ቃል አለች ብዬ ስንት ዓመት ዕቃውን ተሸክሜያለሁ።

"የስም መመሳሰል ነው" አለ፣ ፊቱ ጠቆር ብሎ። "ይሄ የማይረባ ነው። የመጀመሪያውን ግዙ።"

ሌሎቹ ሲወጡ እኔን አስቀረኝ።

"ቅዳሜ የአባታችን ሙት ዓመት ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በጓሮ በር ግባ።"