ያደታ መንገዱን የተሻገረበት ቀን

ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን፣ የፋሲካ ዕለት ቢላዬ ቅቤ መቁረጥ ያቅተው። ምስክር ካስፈለገም መድኃኒት አለች፤ ከመጋረጃው ኋላ፣ ጓዳ ውስጥ አዋዜ እየበጠበጠች ነው። አንዳንድ አላዋቂ ደንበኛ እዚህ ቤት የሚመጣው ለእሷ አዋዜ ነው ይላል። አልፈርድበትም፤ የእኔን አቆራረጥ ለመረዳት ትምህርት ይጠይቃል።

ሁዳዴ ከገባ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። የሥጋ ቤታችን መዝጊያ እስከ ወገቡ ወርዷል፤ ከሥሩ የሚገባው የከሰዓት ብርሃን ነጩ ሴራሚክ ላይ እንደ ወተት ፈስሷል። ባንኮኒው ላይ ተቀምጬ ቢላ እሞርዳለሁ። የምቆርጠው የለም፤ ግን እሞርዳለሁ። የእኔ ሞረድ ሲሰማ ቄራ ያለ በሬ ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። ይህን የቄራ ሰዎች ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ካዛንቺስ ከፊሉ ፈርሶ ከተነሣ ወዲህ ከበራችን ሆኖ ሰማይ ይታያል። ደንበኞቻችን ከየቤታቸው ጋር ተበትነዋል። በእኛና በሰማዩ መካከል የቀረው የያደታ ሥጋ ቤት ብቻ ነው፤ አዲስ፣ ባለመስታወት፣ እሱም ለጾሙ የተዘጋ። መስታወቱ ውስጥ የእኛ ቤት ይታያል፤ ቤታችን ውስጥ ደግሞ እኔ። እዚያ ያለሁት እኔ ከዚህኛው ወፈር፣ ፈካ እላለሁ።

ትናንት ያደታ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። መኪናው ሁሉ ቆመ። የታክሲ ረዳቶች ጩኸታቸውን ዋጡ፤ ትራፊክ ፖሊሱ ባርኔጣውን አነሣ። ያደታ ክንዱ ላይ ነጭ ጋዋን አንጠልጥሏል፤ ጋዋኑ ደረት ላይ ስሜ በወርቅ ክር ተጠልፏል። «አጥናፉ፣ አንተ የሌለህበት ሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ነው ወይ?» አለኝ። እንባ አቀረረ። በቃ፣ አቀረረ።

ከትናንት ጀምሮ እዚህ ተቀምጬ እዚያ ነው የምውለው። መስታወቱ ውስጥ ያለው አጥናፉ ይቆርጣል። ሰልፉ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ደርሶ ታጥፏል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከቢላዬ ሲለይ እንደ ቀይ ርግብ ክንፉን ዘርግቶ፣ አንዴ ዞሮ፣ ሳህኑ ላይ ያርፋል። ሰዉ የሚበላው ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

ግን ደግሞ ያደታ ጾም በገባ ቁጥር ሠራተኞቹን ያሰናብታል፤ ፋሲካ ሲደርስ ያሻውን መልሶ ይጠራል። የእኛው ጋሽ ተኽላይ በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ (ለሰው ስናገር ሠላሳ ነው የምለው) አንድ ቀን «ሂድ» ብለውኝ አያውቁም። ግድግዳ ቅባ፣ ቢላ ሞርድ፣ ካልሆነም ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ግን ና ነው የሚሉት። ይህቺ «ግን ና» ሚዛን ላይ ብትወጣ ከአንድ ሙሉ ሽንጥ ትከብዳለች። ስለዚህ እሞርዳለሁ፣ አስባለሁ፣ መስታወቱን አያለሁ።

ጋሽ ተኽላይ በመዝጊያው ሥር አጎንብሰው ይገባሉ። ጉልበታቸውን ይዘው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ።

«አንታ አጥናፉ፣ ትናንት ያደታ እዚህ መጥቶ ነበር አሉኝ።»

«መጥቶ? ተንበርክኮ ነው እንጂ፣ ጋሼ!»

«የት ጋ?»

«እርስዎ እግርዎን ያሳረፉበት ላይ።»

እግራቸውን ይሰበስባሉ። «እና ምን ፈልጎ ነው?»

እነግራቸዋለሁ። ስነግራቸው ነገሩ እያደገ ይሄዳል፤ ጋዋኑ ሁለት ይሆናል፣ ትራፊክ ፖሊሱም ሰላምታ ይሰጠኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ቀንስ እንጂ፣ ሚዛኑን ሰበርከው» ይሉኝ ነበር። ዛሬ አይሉም። ባዶውን ግድግዳ ያያሉ።

«ትሄዳለህ?» ይላሉ። «እውነቱን ንገረኝ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከሄዳችሁ ይህን ቤት ማቆም አልችልም። የምዘጋ ከሆነ ከአሁኑ ልወቀው።»

«ወዴት ነው የምሄደው? ‹ያደታ፣ ጋዋንህን አጥፈህ ተመለስ፤ አጥናፉ ከዚህ ቤት አይነቃነቅም› አልኩት እኮ! አንገቱን ደፍቶ ሄደ።»

ጋሽ ተኽላይ ዓይናቸውን በአውራ ጣታቸው ይጠርጋሉ። ይነሡና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፋሉ። እጃቸው ይከብዳል፣ ይሞቃል። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር በእርግጥ የሆነ ይመስለኛል፤ መኪናዎቹ ቆመዋል፣ የወርቁ ክር ያብለጨልጫል፣ እኔም እምቢ ብያለሁ። ማዶ መስታወቱ ውስጥ ያለው አጥናፉ ሳይቀር ራሱን ይነቀንቅልኛል።

መጋረጃው ይከፈታል። መድኃኒት ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ቀይ ሆኗል።

«ጋሼ፣ አቶ ያደታ የመጡት እኔን ፈልገው ነው» ትላለች ቀስ ብላ። «ጋዋን የሚባልም አልያዙም። አጥናፉ በሩ ላይ ሆኖ ‹መድኃኒት አገሯ ገብታለች፣ አትመለስም› ብሎ መለሳቸው። ጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።»

ሞረዱ ከእጄ ወደቀ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልወደቀም።

ጋሽ ተኽላይ እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አላነሡም፤ ረስተውት ይመስለኛል። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» ይላሉ።

«እኔም እያሰብኩበት ስለነበር ነዋ። ሰፈሩ ከሄደ በኋላ እዚህ ለማን እንደምበጠብጥ አላውቅም፣ ጋሼ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ እሺ አልኳቸው።»

እኔን አታየኝም። ተመልሳ ጓዳ ትገባና ትልቁን ማሰሮ በሁለት እጇ አቅፋ ትወጣለች። እስከ አፉ ሞልቷል። ባንኮኒው ላይ፣ በእኔና በጋሽ ተኽላይ መካከል፣ እንዳይፈስ ቀስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች።

«ይኼ ለፋሲካ ይበቃችኋል።»