ለኤልቪዮ የተጣለ አበባ

ጀልባዋ ስትናጥ ፀዳል አሮጊቷን በወገባቸው አቅፋ ያዘቻቸው። ሲኞራ ኢዳ ነጩን የአበባ እቅፍ ደረታቸው ላይ ለጥፈውታል። ድሬዳዋ ተወልደው አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ ጣሊያናዊት ናቸው፤ ፀዳል ጅቡቲ ከተማ እሳቸው ቤት እያደረች ትሠራለች።

«እዚህ ይበቃል ዘከሪያ፤ ሞተሩን አጥፋው» አሉ ጀልባ ነጂውን።

ሞተሩ ዝም ሲል ከእንጨቱ ጋር የሚላተመው ውሃ ብቻ ተሰማ። ከተማዋ ከኋላቸው በሙቀቱ ደብዝዛለች።

«ወንድሜ ኤልቪዮ ወጣት የባሕር ኃይል መኮንን ነበር» አሉ ሲኞራ። «በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ከአንዲት ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ጋር ሲጠፋ፣ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ሕፃን ነበርኩ። መልኩን እንኳ አላስታውሰውም፤ ከእናቴ በሰማሁት ነው የማለቅስለት። የጠፋው ሩቅ ባሕር ነው። ቢሆንም ውሃ አይደል፣ ይገናኛል።»

ዘከሪያ ከወደብ ሾፌሮች በለቃቀማት አማርኛ ጣልቃ ገባ። በአገጩ ወደ ማዶ እያመለከተ፣ «እዚያ ኦቦክ ነው። በቀደም የመን ሊሻገሩ ጀልባ ተገለበጠ። ብዙ ልጆች ሞቱ። ሐበሻ ናቸው» አለ።

ሲኞራ ወደ ፀዳል ዞሩ። «ውይ የኔ ልጅ! የምታውቂው ሰው ነበረበት እንዴ?»

ጀንበሬ ነበረበት። እናቷ ገበያ ስትውል ፀዳል አዝላ ያሳደገችው፣ ጥርስ ሲያወጣ ትከሻዋን እየነከሰ ያደማት ታናሽ ወንድሟ። ከጀልባው የተረፈ የሰፈራቸው ልጅ ደውሎ መሞቱን ነግሯታል። ግን ምን ብላ ትናገር? የሳቸው ወንድም ባለማዕረግ ነው፤ ዘምቶ ነው የጠፋው። የሷ ደግሞ ደላላ እንደ ከሰል ጆንያ ጭኖት።

«ኧረ የለም ሲኞራ» አለች። «እዚያ የማውቀው ሰው የለኝም።»

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ፊቷ ነደደ። ልትመልሰው አፏን ከፈተች፤ ሲኞራ ግን «ተመስገን!» ብለው አማተቡ። ካማተቡ በኋላ እንዴት ትመልሰው?

አሮጊቷ አበባውን ጣሉ። «ኤልቪዮ!» ብለው ተጣሩ፤ ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። አንድ ዘለላ ተገንጥሎ ጀልባው ውስጥ ወድቆ ነበር። ፀዳል አነሳችውና በኦቦክ በኩል ወረወረችው። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ።

ሲኞራ አይተዋታል። «የማንን ስም ነው የጠራሽው?»

ፀዳል ዓይኗን ከኦቦክ መለሰች።

«የ… የኤልቪዮን።»

የሲኞራ እንባ ዱብ ዱብ አለ። እጇን ስበው ሳሙት። «ተባረኪ ልጄ። ከኔ ሌላ ስሙን የሚጠራለት ሰው አልነበረውም» አሉ።

ዘከሪያ ሞተሩን አስነሣ። ፀዳል የተሳመ እጇን ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ደበቀችው፤ ወደቡ እስኪደርሱ ድረስ አንዴም ወደ ኋላዋ አልዞረችም።