ያልተበሳው ባሌስትራ

«ስንት ደረሰ?» ይላል አሠሪያችን ሚስተር ራግ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር።

«አራት ሺህ መቶ ስድሳ» እላለሁ። ባሌስትራ በሚፈትነው ማሽን አጠገብ ተቀምጦ መቁጠር ሥራዬ ነው። ሁለት ዓመት ቆጥሬለታለሁ፤ ስሜን ግን አያውቀውም።

ማሽኑ ሁለት ባሌስትራዎችን ጎን ለጎን ይጫናል፣ ይለቃል። ሁለቱም ከአንድ ብረትና ከአንድ እሳት የወጡ የሽማግሌው የኢኖክ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ሠረገላ ባሌስትራ መሐሉ ተበስቶ ቡሎን ገብቶበታል። ሁለተኛውን ኢኖክ አልበሳውም። የሚነባበሩት ዝርግ ብረቶች እንደጋሉ መሐላቸውን በመዶሻ ጎድጎድ አድርጎ፣ አንዱን ሌላው ላይ አስቀምጦ፣ ከውጭ በማቀፊያ አሰራቸው።

በዚህ ወር ሰባት መኪኖች ባሌስትራቸው ተሰብሮ ወደ ሼፊልድ ፋብሪካችን ተመልሰውብናል። ሚስተር ራግ ጥፋቱን በኢኖክ እሳት ላይ ጥሏል። ሁለቱም ዛሬ ከተሰበሩ ሽማግሌው ይባረራል።

«ብረት አቃጥለህ ማስረከብ ለምደሃል» ይለዋል።

«አርባ ዓመት አቃጥያለሁ ጌታዬ። ያኔ ግን ሠረገላ በሰዓት ሠላሳ ማይል አይበርም ነበር።»

«የአባቴም ሠረገላ ባሌስትራ ቀዳዳ ነበረው!»

«የአባትዎን ፈረስ አውቀዋለሁ» ይላል ኢኖክ። «አስተዋይ ነበር።»

ብረት የሚሞርዱት ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ሳቃቸውን ይውጣሉ።

ጧ! የመጀመሪያው ባሌስትራ ልክ ቀዳዳው ላይ ለሁለት ይከፈላል።

«አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አንድ» እላለሁ።

ሚስተር ራግ ስብራቱን የሞተ አይጥ ይመስል በጓንቱ ጫፍ ይነካዋል። «ያኛውም ይሰበራል። ቁጠሪ።»

እቆጥራለሁ። አምስት ሺህ ሲሞላ፣ «የማለፊያው መመዘኛ ይኸው ነው» እላለሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነው።

«ስድስት ይሁን።»

ስድስት ይሞላል።

«ሰባት!»

ሰባት ሺህ ሲሞላ የምሳ ደወል ይደወላል። ኢኖክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እንግዲህ ጌታዬ፣ ልሂድ ወይስ ልብላ?» ይላል።

ሚስተር ራግ ያልተሰበረውን ባሌስትራ ያያል። «ብላ» ይላል በመጨረሻ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ወንዶቹ ሣጥኖች ላይ ተቀምጠው ሞራ የተቀባ ዳቧቸውን ይፈታሉ። እኔም እርሳሴን ጠረጴዛው ላይ አኖርና ወደ እነሱ እሄዳለሁ። ኢኖክ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅልኛል።

ማሽኑን ያቆመው የለም። ሚስተር ራግ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ባሌስትራው ላይ አጎንብሷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይቆጥራል።