ሦስት ቀን በሲፈን ሰውነት

«ትምህርት ቤቱን ሳታዪ እንዳትፈርሚ!» እያለች እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ነዘነዘችኝ። የማስተርስ ቅበላው መልስ የሚፈልገው እስከ ዓርብ ነው። ጉብኝት ደግሞ እንደ ድሮው በአውቶቡስ መሄድ ቀርቷል፤ እዚያ ከምትማር ልጅ ጋር ሰውነት መለዋወጥ ነው። እኔ በእሷ ሰውነት ግቢውን አያለሁ፣ እሷ በእኔ ሰውነት ደሴ እናቴ ቤት ትሰነብታለች።

ሲፈን የምትባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደረሰችኝ። ሦስት ቀን በእሷ እግር ቤተ ሙከራውን ዞርኩ። ፕሮፌሰሩ ሻይ ጋበዙኝ፣ ያየኝ ሁሉ ሳቀልኝ። ትከሻዋ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ሲያመኝ «አልጋው ይሆናል» ብዬ ናቅኩት።

ወደ ራሴ ሰውነት ስመለስ ዓይኔ አብጧል። ስድስት ወር ያሳደግኩት ጥፍሬ እስከ ሥጋው ተነክሷል።

«እማዬ! ምን አባቷ ሆና ነው ጥፍሬን የበላችው?»

«ተይ፣ አትሳደቢ» አለች እናቴ። «ሁለቱን ቀን ስትተኛና ስታለቅስ ነው የዋለችው። ዛሬ የመመለሻው ሰዓት ሲደርስ ጉልበቴ ላይ ወድቃ ‹እማማ፣ አንድ ቀን ብቻ ያስጨምሩልኝ› አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አልሻት?»

«ምን ልበላት? ልጄ ትመለስልኝ አልኩ።»

ስልኬ ጮኸ። ዩኒቨርሲቲው ነው፦ «ጉብኝትዎ እንዴት ነበር? አሁኑኑ መፈረም ይችላሉ።» በንዴት «አልቀበልም» የሚለውን ተጫንኩት፤ የተነከሰው ጣቴ አቃጠለኝ።

«ይኸው፣ አየሁልሽ! አሁን ደስ አለሽ?»

እናቴ ሲፈን የተኛችበትን አንሶላ እያጠፈች ቀና አለች።

«አንቺስ ተረፍሽ» አለችኝ። «እሷስ?»