ለአባት፣ በገዛ እጅ የተሠራ

ለአረፋ በዓል የልጆች ግብዣ ደግሶ ሰፈሩን በማስደነቅ ሙኒያን የቀደማት ሰው ሰመራ ውስጥ አልነበረም። ደንቡ አጭር ነው። ልጅ ሁሉ ቤት ካገኘው ነገር በገዛ እጁ ስጦታ ይሠራል፤ አባቶች በረንዳው ላይ በተርታ ይቀመጣሉ፤ ልጅ ለአባቱ ይሰጣል። ከሱቅ የተገዛ ነገር ክልክል ነው።

"ማሻአላህ! ትውልድ የምታንጽ ሴት" አሉ አንድ ሽማግሌ። ሙኒያ አንገቷን ደፍታ ምርቃቱን ተቀበለች።

ግብዣው ግን ለትውልድ አልነበረም። ባሏ ዑመር ዱብቲ ላይ ሌላ ቤት እንዳለው ለማጣራት ነበር። ከተጣራ በኋላ የሚቀር ነገር የለም፤ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ ጀርባ አቁማለች።

ዑመር ከሰመራ ዱብቲ ሚኒባስ ይነዳል። ጉዱን የነገራት ታላቅ ወንድሟ አብዱልአዚዝ ነው፤ ጁምዓ የማያመልጠው፣ ለእህቱ የሚሞት ሰው። ከዓይኑ እንዳይሰወርበት ብሎ የስልክ ሱቁን እየዘጋ፣ በራሱ በዑመር ሚኒባስ ዱብቲ ሲመላለስ ከርሟል። ሚስቱ ሐያት እንኳ "ለእህትህ ነው፣ ሂድ" ብላ ፈቅዳለታለች።

"ሙጂባ ትባላለች፣ ፉል ቤት አላት። መኪናው ከደጇ አይጠፋም" አላት አብዱልአዚዝ። "ልጇ ደግሞ ሉላ ትባላለች። እንቁላል አይስማማትም፤ ሰውነቷ ሽፍ ይላል።"

ሙኒያ እንባዋ መጣ። ለእሷ ብሎ እስከዚህ ድረስ የሚደክምላት ማን አለ?

የግብዣውን ነገር ስትነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ።

"ልጆችን ምን አመጣቸው? ነውር ነው። እኔ ክትትሉን እቀጥላለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪጣራ ነዋ!"

ሙኒያ አልሰማችውም። ዑመርን "የመስመርህን ደንበኞች ልጆችም አምጣ። የዚያችን የፉል ቤቷን ሴትዮ ልጅ እንዳትረሳ" አለችው።

ዑመር ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሙጂባን? ተያት ባክሽ፣ ሥራ ይበዛባታል።"

"ልጅቷን ነው ያልኩህ፣ እናትየዋን መቼ አልኩህ?"

ዑመር ላብ በላብ ሆነ። ሙኒያ ላቡን እንደ ማስረጃ ያዘችው። ሰመራ ላይ በዚያ ሰዓት ያላላበው ሰው አለመኖሩን ለጊዜው ረሳችው።

የበዓሉ ዕለት አብዱልአዚዝ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ተኛ። ሐያት ናት ክንዱን ይዛ ያመጣችው።

"አንተ ከሌለህ ልጅቷን ማን ሊያሳየኝ ነው?" ብላ ሙኒያ ከዑመር አጠገብ አስቀመጠችው። ምስክር ቅርብ ሲሆን ጥሩ ነው።

ልጆቹ ተራ በተራ ወጡ። ከዘንባባ የተጎነጎነ ማራገቢያ መጣ። ከስኳር ማዳበሪያ የተሰፋ ኮፍያ መጣ፤ ለአባትየው እስከ አንገቱ ድረስ ገባለት። "ይበልጥ አምሮብሃል!" ብለው ሳቁበት። አብዱልአዚዝ ብቻ አልሳቀም፤ ሆዱን ይዟል።

ከዚያ የዱብቲዋ ሉላ መጣች። ከዑመር ሚኒባስ ስትወርድ እጁን ይዛ እንደነበር ያላየ የለም። ስጦታዋ ከካርቶን የሠራችው ሚኒባስ ነው። ጎማዎቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ ግንባሩ ላይ በስክሪብቶ "ሰመራ ዱብቲ" ተጽፎበታል።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዑመር መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

ሐያት የሙኒያን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። "አይዞሽ እህቴ። ወንድ እንደሆነ ሁሉም አንድ ነው። እንደ እኔ የታደለች ከስንት አንዷ ናት!"

የሙኒያ ዓይን በሩ ጀርባ ወዳለው ሻንጣ ሄደ፣ ተመለሰ።

"በይ እናቴ፣ አትፈሪ" አለች ድምፅዋን አለስልሳ። "ለአባትሽ ስጪው።"

ሉላ የካርቶን መኪናዋን በሁለት እጇ ደግፋ መጣች። ዑመር ፊት ስትደርስ ፈገግ አለችለት፤ አለፈችው፤ መኪናውንም አብዱልአዚዝ ጉልበት ላይ አስቀመጠች።

"እንካ አባቢ። ከእንግዲህ እኛ ቤት ስትመጣ ጋሼ ዑመርን አታስቸግረውም፤ የራስህ መኪና አለህ።"