ለማንኪያ የሚሆን ዶሮ

ባሏ የድስቱን ክዳን ሊያነሳ ሲል እጁን ቸብ ታደርገዋለች። ይህ ቀስ ብሎ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይሸሻል፣ የዶሮውም መብሰል ይዘገያል። ጠዋት ወደ ፀጉር ቤቷ ከመሄዷ በፊት ካሮቱንና ድንቹን ከታች አንጥፋ፣ ዶሮውን ከላይ አስተኝታ፣ በዝቅተኛው ሙቀት ትታው ነበር የወጣችው። አሁን የመስታወቱ ክዳን በላብ ተሸፍኗል። ቤቱ ከደጃፉ ጀምሮ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ይሸታል።

ባሏ እንደራበው እየነገራት ሹካና ቢላ ከመሳቢያው ያወጣል። ከእጁ ተቀብላ ትመልሳቸዋለች። ዛሬ ሁሉም የሚበላው በጎድጓዳ ሳህን፣ በማንኪያ ነው፤ እሱም ቢሆን። ለምን እንደሆነ ያውቃል።

አባቱ ጓዳውን አለፍ ብሎ ባለው ክፍል ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ያለፈው እጃቸው በስተርጅና መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት፣ እንግዶች በተቀመጡበት፣ ከሹካቸው ያመለጠች ቁራጭ ሥጋ አንዲት ጎረቤት ቀሚስ ላይ ዐረፈች። ጎረቤትየዋ ስቃ አለፈችው። ባሏ ግን ደግ የሠራ መስሎት ሹካውን ከእጃቸው ወሰደና ሥጋውን ለሕፃን እንደሚደረገው ይቆራርጥላቸው ጀመር።

ሽማግሌው አፋቸውን ጠርገው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብ ጠግቤአለሁ ይላሉ፤ በኋላ በራቸውን ዘግተው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ። ልጃቸውም ይቅርታ ሊጠይቅ እስከ በሩ ይሄድና ስለ አየሩ ጠባይ አውርቶ ይመለሳል።

እሷ ሳምንቱን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ከርማለች። ኑ ይብሉ ብትላቸው እንደማይመጡ ገብቷታል። በራቸውን ታንኳኳና ሌላ ነገር ትጠይቃለች።

«አባባ፣ የጨውን ነገር እንጃ። ምላሴን አላመንኩትም። እስቲ ቀምሰው ይፍረዱ።»

ሽማግሌው መንገድ ዳር፣ ከመኪናቸው ጎን፣ ለራሳቸውም ለረዳታቸውም ሲያበስሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በጨው ጉዳይ ተጠይቀው መተኛት አይሆንላቸውም። ትንሽ ቆይቶ የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ከኋላዋ ይከተላታል።

ክዳኑን ስታነሳ እንፋሎቱ የሁለቱንም ፊት ይሸፍናል። ዶሮውን በጭልፋው ጫፍ ብትነካው ሥጋው ከአጥንቱ ያለ ክርክር ይላቀቃል። መረቁን በማንኪያ ቀድታ ትሰጣቸዋለች። ግማሹ አፋቸው ሳይደርስ ይፈስሳል። እሷ ካሮቱን ትመለከታለች። የቀረውን ዓይናቸውን ጨፍነው ያጣጥሙታል።

«አንሷል» ይላሉ።

የጨው ዕቃውን ታቀርብላቸዋለች። ባሏ ከወንበሩ ብድግ ሲል በዓይኗ ታስቀምጠዋለች። ሽማግሌው ቆንጠር ያደርጉና እጃቸውን ከድስቱ በላይ ይዘረጋሉ። እጃቸው እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል፤ ጨዉም እንደ ካፊያ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይወርዳል። ጨርሰው እጃቸውን ያዩታል።

«ይኸውልሽ» ይላሉ፣ «ሥራ አገኘ።»

መጀመሪያ የሚስቁት እሳቸው ናቸው። እሷ ትከተላለች። ባሏ መሳቅ ይፈቀድለት እንደሆነ ሳይገባው ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ እሱንም ሳቅ ያመልጠዋል።

ማንም ይቀመጡ አላላቸውም። የቀድሞ ወንበራቸውን ራሳቸው ይስባሉ። ዶሮው ቢላ ሳይፈልግ በማንኪያ ይበታተናል፣ ድንቹ መረቁን ጠጥቶ ወፍሯል፣ የሚፈስሰውም ይፈስሳል። ባሏ ሲጣደፍ ሸሚዙ ላይ አንጠባጥቧል። አባቱ አይተውታል፤ ጺማቸው ሥር ፈገግ ብለዋል።

ሳህናቸው ባዶ ሲሆን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ እሷ ይዘረጉታል። ባሏ ሊቀበላቸው እጁን ይዘረጋና መልሶ ጉልበቱ ላይ ያሳርፈዋል። ሳህኑ በአየር ላይ ይወዛወዛል። እሷ ጭልፋዋን ሞልታ ትነሣለች፤ ከሳህኑ ጋር ወዲህም ወዲያም እያለች፣ ሳትቸኩል፣ ትጨምርላቸዋለች።